ቢራና ቺዝ በአንድ ሳህን፦ እሳት ስለማያየው የድግስ ምግብ



በአሜሪካ የሥራ ባልደረባው ቤት ለግብዣ የተጠራ፣ ወይም ሰዎች ተሰብስበው የእግር ኳስ ጨዋታ በሚያዩበት ሳሎን የተገኘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከድንች ጥብሱ፣ ከካሮቱና ከደረቁ ብስኩት መካከል ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ እንደ ለውዝ ቅቤ የሚቀባ ነገር በጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል። እንግዳው ሁሉ እየመጣ በብስኩት እየጠለቀ ይወስዳል። ሲቀምሱት መጀመሪያ የቺዙ ጨዋማነት ይመጣል፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱና በርበሬው፣ በመጨረሻ ደግሞ ምላስ ላይ ትንሽ መረር የሚል ነገር ይቀራል። ያ የመጨረሻው ቢራ ነው። ስሙም "ቢር ቺዝ" ይባላል።

በስደት ዓለም የምንኖር ሰዎች ይህን የመሰለውን የፈረንጅ ምግብ በሁለት መንገድ እናስተናግደዋለን። አንዳንዶቻችን ምን እንዳለበት ሳንጠይቅ እንበላዋለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" ብለን ከሩቅ እናልፈዋለን። ሁለቱም ጥሩ አይመስለኝም። የሚበሉትን አውቆ መብላት፣ የሚያቀርቡትንም አውቆ ማቅረብ የተሻለ ነው። በዚህች ጽሑፍ ይህ ምግብ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንዲያ እንደሚሠራና በእኛ ቤት ድግስ ላይ ሲቀርብ ምን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሬን ከመጀመሬ በፊት ፍሬ ሐሳቡን አስቀድሜ ልናገር። ስለዚህ ምግብ አንድ ዋና ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱም እሳት የማያየው መሆኑ ነው። አይቀቀልም፣ አይጠበስም፣ አይቀልጥም። ልስላሴው የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ጣዕሙም የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ሊያመጣ የሚችለው ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ስለ ቃሉ አጠቃቀምም አንድ ነገር ልበል። በዚህ ጽሑፍ "ቺዝ" የምለው ሀገር ቤት ከጣሊያኖቹ ወስደን "ፎርማጆ" የምንለውን ነው። "አይብ" የምለው ደግሞ የእናቶቻችንን አይብ ነው። ዝቅ ብለን እንደምናየው ሁለቱ በአሠራርም በጠባይም ይለያያሉ።

1. ከየት መጣ?

የቢር ቺዝ ሀገሩ ኬንታኪ ነው። በኬንታኪም ውስጥ ክላርክ ካውንቲ፣ ዊንቸስተር የምትባለው ትንሽ ከተማና በአቅራቢያዋ የሚፈሰው የኬንታኪ ወንዝ ዳርቻ ነው። በአካባቢው በሰፊው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ጆኒ ኦልማን የሚባል ሰው በወንዙ ዳር ምግብ ቤት ነበረው። ዘመዱ ጆ ኦልማን ደግሞ በአሪዞና የሠራ ወጥ ቤት ነበርና ከዚያ የለመደውን ቃጠል የሚያደርግ ቅመም ቺዙ ላይ ጨመረበት። ይህንንም ለደንበኞቻቸው በነጻ ያቀርቡላቸው ነበር።

በነጻ መቅረቡ ደግነት ብቻ አልነበረም። ጨውና በርበሬ የበዛበትን የቀመሰ ሰው ይጠማዋል፤ የተጠማ ሰው ደግሞ ቢራ ያዛል። ይህ ስሌት ከኦልማን በፊትም የታወቀ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአሜሪካ መጠጥ ቤቶች መጠጥ ለገዛ ሰው ጨዋማ ምሳ በነጻ ያቀርቡ ነበር። እኛም ብንሆን ከቢራው ጎን ጨው ነካ ያደረገው ቆሎ ለምን እንደሚቀመጥ አይጠፋንም። ልዩነቱ የኬንታኪው ሰውዬ የሚሸጠውን መጠጥ ራሱን ምግቡ ውስጥ መክተቱ ነው።

ዘመኑም ልብ ሊባል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 ድረስ በመላ አሜሪካ የአልኮል መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ቢር ቺዝ ያ ክልከላ ከተነሣ በኋላ፣ መጠጥ ቤቶች እንደገና በር ከፍተው ደንበኛ በሚጠሩበት ጊዜ የተወለደ ምግብ ነው። ኬንታኪ በቡርቦን ውስኪዋ በዓለም የታወቀች ብትሆንም እስከ ዛሬ ድረስ የመጠጥ ሽያጭ የሚከለክሉ ካውንቲዎች አሉባት። መጠጥን መውደድና መጠጥን መፍራት እዚያም እንደ እኛው በአንድ ሰፈር ይኖራሉ ማለት ነው። ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በቢር ቺዝ ስም ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ቤተሰቦች የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ የማን ይበልጣል የሚለውም ክርክር አያልቅም፣ ልክ እኛ ዘንድ የማን ዶሮ ወጥ ይጥማል እንደሚባለው።

ይህ ሐሳብ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ሙኒክና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን በባቫሪያ ቢራ ቤቶች "ኦባትስዳ" የሚባለውን ቀምሳችሁት ይሆናል። ኦባትስዳ ከበሰለ ካሜምበርት ቺዝ፣ ከቅቤ፣ ከፓፕሪካና ከሽንኩርት ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቢራ ጠብ ይደረግበታል። ስሙ በአካባቢው ቋንቋ "የተደፈጠጠ፣ የተለወሰ" እንደ ማለት ነው። ዝናውን ያገኘው በ1920ዎቹ፣ ፍራይዚንግ ከተማ በሚገኘው የቫይንሽቴፋን ቢራ ቤት አስተናጋጇ ካታሪና አይዘንራይሽ ለእንግዶቿ ማቅረብ ከጀመረች በኋላ ነው ይባላል። ነገሩ የቁጠባ ምግብ ነው፤ ከመጠን በላይ በስሎ መፍሰስ የጀመረ ካሜምበርት ከሚጣል በቅቤ ተለውሶ ይበላል።

የባቫሪያ ቢራ አትክልት ቦታዎች ልማድም ለዚህ ምግብ ረድቶታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1812 ንጉሥ ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን ዮሴፍ ያወጣው ድንጋጌ ቢራ ጠማቂዎች በመጋዘናቸው ደጃፍ ቢራ እንዲሸጡ ሲፈቅድ ምግብ እንዳይሸጡ ግን ከለከለ። ሕዝቡም ምግቡን ከቤቱ ቋጥሮ መሄድ ለመደ። ልማዱ ዛሬም አለ። በቀላሉ የሚያዝ፣ በቀዝቃዛው የሚበላ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር ለእንዲህ ያለ ቦታ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ለኦባትስዳ የመልክዓ ምድር መጠሪያ ጥበቃ ሰጥቶታል። ስለዚህ በዚያ ስም መሸጥ የሚፈልግ አምራች በባቫሪያ መሥራትና በተጻፈው ደንብ መመራት አለበት። የድሃ ቤት ልውስ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆነ።

2. ለምን እሳት አያየውም?

ቺዝ በመሠረቱ ከፕሮቲን፣ ከስብና ከውኃ የተሠራ ነው። ቼዳር የሚባለውን ዓይነት ብንወስድ ሲሶው ስብ፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ከሲሶ ትንሽ የሚበልጠው ደግሞ ውኃ ነው። ኬሲን የሚባለው ፕሮቲን በካልሲየም እየተያያዘ እንደ መረብ ይዘረጋል። ስቡና ውኃው በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ታስረው ይቀመጣሉ።

ይህ መረብ ሙቀት ሲያገኘው መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ ፒዛ ላይ የምናየው መቅለጥ ይኸው ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ግን ስቡ ቀልጦ ከመረቡ ይወጣል፤ መረቡ ደግሞ ይጨማደድና የያዘውን ውኃ ይተፋል። ውጤቱም ከላይ ዘይት፣ ከታች ማስቲካ ነው። በተለይ ቆየት ያለ ቼዳር ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። በዊስኮንሲንና በሌሎች ግዛቶች ትኩስ የቺዝና ቢራ መጥለቂያ የሚሠሩ ሰዎች መጀመሪያ ዱቄትና ቅቤ የሚያቁላሉት በዚህ ምክንያት ነው። የዱቄቱ ስታርች ውኃውን ያወፍረዋል፣ በስቡ ጠብታዎች መካከልም ገብቶ እንዳይገናኙ ያደርጋቸዋል።

የኬንታኪው መንገድ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ቺዙ አይሞቅም፤ ስለዚህ ስቡ አይለይም። ይልቁንም የማሽኑ ምላጭ መረቡን በጣም ወደ ደቀቀ ፍርፋሪ ይለውጠዋል። ቢራው እየተንጠባጠበ ሲገባ ፍርፋሪው ውኃውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ስቡም ሳይቀልጥ በደቃቁ ተበትኖ ይቀራል። ምላስ ላይ ሲደርስ ግን በአፍ ሙቀት ይለሰልሳል። ያ እንደ ቅቤ ሟሙቶ የሚሄድ ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አይባችን ልናገር ያልኩትን ልናገር። አይብ የሚሠራው ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ቀስ ተብሎ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ስቡ ትንሽ ነው፤ በኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ በመሆኑም እንደ ቼዳር አይቀልጥም። ብቻውን ከቢራ ጋር ቢፈጭ የሚያስተሳስረው ስብ ስለሚያንሰው ይፈረፈራል፣ ውኃም ይቋጥራል። ነገር ግን ውኃው በደንብ የተጠነፈፈ አይብ የቼዳሩን ሩብ ያህል ተክቶ ቢገባ ምግቡን ቀለል፣ ኮምጠጥ ያደርገዋል። አይብ ለሚወድ ሰው ጥሩ ድልድይ ነው።

3. አሠራሩ

ለ10 ያህል ሰው የሚበቃው መጠን የሚከተለው ነው።

ቆየት ያለ ቼዳር 450 ግራም (አንድ ፓውንድ)፤ ጋዙ የወጣ ቢራ 120 ሚሊ ሊትር (ግማሽ ኩባያ)፣ ምናልባት ትንሽ ጭማሪ፤ ነጭ ሽንኩርት 1 ወይም 2 ፍሬ፤ የሰናፍጭ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ፤ ዉስተርሺር ሶስ 2 የሻይ ማንኪያ፤ የተፈጨ ቀይ ቃሪያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። በዚህ በመጨረሻው ፈንታ ሚጥሚጣ መጠቀም ይቻላል፤ ሚጥሚጣችን ግን ኮረሪማና ጨው ስላለበት ጥቂት በጥቂት እየቀመሱ ነው። ጨው በመጀመሪያ አይጨመርም፤ ቺዙ ራሱ ጨው አለው።

ቺዙ ሙሉውን ድፍን ተገዝቶ ቤት ውስጥ በመፈቅፈቂያ መፈቅፈቅ አለበት። ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው እንዳይጣበቅ የድንች ስታርች ወይም ሴሉሎስ ተነስንሶበታል፤ ያ ዱቄት ልውሱን አሸዋ አሸዋ እንዲል ያደርገዋል። የቺዙ ዕድሜም ይወስናል። ገና ለጋ የሆነው ቼዳር ፕሮቲኑ ስላልተሰባበረ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ጣዕሙም ቀዝቃዛ ነው። ከ9 ወር እስከ ዓመት ከምናምን የቆየው ግን በራሱ ኢንዛይሞች ስለተሰባበረ በቀላሉ ይልማል፣ ጣዕሙም ጠንካራ ነው። ሦስትና አራት ዓመት የቆየው ደግሞ ደርቆ ይፈረፈራል፤ እሱን ከለጋው ጋር ማደባለቅ ይሻላል።

የተፈቀፈቀው ቺዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆይ። ቢራውም ከአንድ ሰዓት በፊት ተከፍቶ በሰፊ ዕቃ ይቀመጥ። ጋዙ ያልወጣ ቢራ በማሽኑ ውስጥ አረፋ ይሆናል፣ ልኩም ያሳስታል። ነጭ ሽንኩርቱ በጥቂት ጨው ተወቅጦ ሙልጭ ያለ ልቁጥ መሆን አለበት፤ በደፈናው ከገባ አንዱ እንግዳ ምንም ሳይደርሰው ሌላው ቁራጩን ይነክሳል።

ከዚያ ቺዙ፣ ሽንኩርቱና ቅመሙ ፉድ ፕሮሰሰር ውስጥ ገብተው ጥቂት ጊዜ ይፈጫሉ። ማሽኑ እየሠራ ቢራው በቀጭኑ ይንቆረቆራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ አንዴ ከቀጠነ መመለሻው ሌላ ቺዝ መጨመር ብቻ ነው። ማሽኑንም ሳያቋርጡ ደቂቃዎች ማስኬድ አያስፈልግም፤ ምላጩ በፍትጊያ ይሞቃል፣ የሸሸነው ሙቀት በጓሮ በር ይገባል። ፉድ ፕሮሰሰር የሌለው ሰው በሹካና በእንጨት ማንኪያ ሊለውሰው ይችላል። ትንሽ ሸካራ ይሆናል እንጂ አይበላሽም፤ ኦባትስዳም የሚደፈጠጠው በሹካ ነው።

ማሽኑ ሲቆም ልውሱ ቀጠን ያለ መስሎ መታየት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ስቡ ይጠነክራል፣ ፍርፋሪውም የቀረውን ቢራ ይጠጣል። ስለዚህ እዚያው ማሽኑ ላይ "ልክ ነው" ያልነው በማግሥቱ ድንጋይ ይሆናል። ማደሩ ለጣዕሙም ግድ ነው። ወዲያው ሲቀመስ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ ቢራው ለብቻው፣ ቺዙ ለብቻው ይናገራሉ። ሲያድሩ ይስማማሉ። ወጥ በማግሥቱ ይበልጥ እንደሚጥም የምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ አይሆንብንም። ጨው ጎድሎት እንደሆነ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።

4. ቢራውን ስለ መምረጥ

"ቢራ ቢራ ነው" የሚል ሰው ይኖራል። እዚህ ምግብ ላይ ግን ቢራው ስለማይበስል ጠባዩን ይዞ ይቀራል። የቢራ መራራነት የሚመጣው ሆፕስ ከሚባለው አበባ ነው፤ በእኛ ጠላና ጠጅ ውስጥ የጌሾን ሥራ የሚሠራው ማለት ነው። ሆፕስ የበዛበት ቢራ፣ ለምሳሌ አሁን በአሜሪካ የገነነው አይ.ፒ.ኤ.፣ በብርጭቆ ሲጠጣ ደስ ቢልም ቺዝ ውስጥ ሲገባ መራራነቱ ጎልቶ ሌላውን ይሸፍናል። ሆፕሱ አነስ ያለ ላገር ወይም ብቅሉ ትንሽ ተቆልቶ ቡናማ የሆነው ቢራ ይመረጣል። የተቆላ ብቅል የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ጣዕም ይሰጣል፤ ከቼዳር ጋርም ይስማማል። ጥቁሩ ስታውት ጣዕሙ አይከፋም፤ ቀለሙን ግን ጭቃ ያስመስለዋል።

ስለ ጠላም ማንሳት ይገባል። ጠላ በጌሾ የተጠመቀ የገብስ ወይም የሌላ እህል ቢራ ነው። እንስራው በወይራ ወይም በጥንጁት ስለሚታጠን የጢስ ጣዕም አለው፣ ኮምጠጥም ይላል። የታጠነ ቺዝ በየገበያው የሚወደድ መሆኑን ስናስብ፣ በደንብ የተጠለለ ጠላ ከቼዳር ጋር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ያሉ ባለሙያ እናቶቻችንና እህቶቻችን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

5. አልኮሉ የት ሄደ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ብዙ ሰው "ምግብ ውስጥ የገባ መጠጥ አልኮሉ ይተናል" ብሎ ያምናል። የበሰለ ምግብ ላይ እንኳ ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ 15 ደቂቃ የተንተከተከ መጠጥ ከአልኮሉ 40 በመቶው ይቀርበታል፤ 30 ደቂቃ ሲቆይ 35 በመቶ፣ አንድ ሰዓት ሲቆይ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቆይ 5 በመቶ ይቀራል።

ቢር ቺዝ ደግሞ ጭራሽ እሳት አላየም። ስለዚህ የገባው አልኮል በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያው አለ። ሒሳቡን እንሥራ። 120 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 6 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይዟል። ይህ ከግማሽ ኪሎ በላይ በሆነ ልውስ ውስጥ ይበተናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበላ ሰው ወደ 0.3 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። አንድ የአሜሪካ ጣሳ ቢራ፣ ማለትም 355 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 18 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ስላለው የበላው የጣሳው ሃምሳኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ማንንም አያሰክርም።

ጥያቄው ግን የስካር ብቻ አይደለም። በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል ለማይነካ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ጴንጤ፣ ጉዳዩ የመጠን ሳይሆን የመርሕ ሊሆን ይችላል። ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ እየታገለ ላለ ሰው የቢራው ጣዕም ራሱ ፈተና ነው። ለሱስ ሕክምና ዳይሰልፊራም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በትንሽ አልኮልም ሊታመም ይችላል። ለድብርት ሕክምና ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ማኦ አጋጆች የሚባሉትን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ከቆየ ቺዝና ከድራፍት ቢራ እንዲርቁ ይነገራቸዋል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ውስጥ የሚገኘው ታይራሚን የደም ግፊታቸውን በድንገት ሊያሻቅበው ይችላል። ቢራ የሚጠመቀው ከገብስ በመሆኑ ግሉተን የማይስማማው ሰውም አለ። ዉስተርሺር ሶስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቾቪ የሚባል ዓሣ አለበት። ልጆችም በጠረጴዛው ዙሪያ ይሯሯጣሉ።

6. ይሉኝታና ጉርሻ

ይህ ሁሉ ፈረንጅ ቤት ሲሆን ብዙም አያስጨንቅም። ፈረንጁ እንግዳ "ምን አለበት?" ብሎ ይጠይቃል፤ አስተናጋጁም ይመልሳል። መጠየቁ ነውር አይደለም። የእኛ ቤት ሥርዓት ግን ሌላ ነው። እኛ ቤት የቀረበለትን ምግብ ምን እንዳለበት የሚጠይቅ እንግዳ አስተናጋጁን የተጠራጠረ ይመስላል። ስለዚህ በይሉኝታ ዝም ይላል። አስተናጋጁ ደግሞ "በሞቴ አንዴ ብቻ" እያለ ይለምናል፤ ሲብስም ጠቅልሎ ያጎርሳል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ በዚያው መጠን ግን የተጎራሹን የመምረጥ ዕድል ይወስዳል። የማይጠይቅ እንግዳና የማይናገር አስተናጋጅ ሲገናኙ ሰው ሳያውቅ በሕይወቱ ሙሉ የጠበቀውን ነገር ሊያፈርስ ይችላል። ስደት ላይ ደግሞ አንድ ሳሎን ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤውና ምንም ሃይማኖት የሌለው ጓደኛችን አብረው ይቀመጣሉ። ይህ አብሮ መቀመጥ የምንኮራበት ነገር ነው። የሚጸናው ግን በመተማመን ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለውን ምግብ የሚያቀርብ ሰው ሳይጠየቅ መናገር አለበት። "ይሄ ቢራ አለበት" የምትል ትንሽ ወረቀት ከሳህኑ ፊት ማስቀመጥ ክብርን አይቀንስም። ከዚህም የተሻለው ሁለት ሳህን መሥራት ነው፤ አንዱ በቢራ፣ ሌላው አልኮል በሌለው ቢራ። እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። በአሜሪካ "አልኮል የሌለው" ተብሎ የሚሸጥ ቢራ እስከ 0.5 በመቶ ድረስ ሊኖረው ይፈቀዳል፤ ፈጽሞ እንዳይኖር የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱ ላይ 0.0 የሚለውን መፈለግ አለበት። እሱንም ቢሆን የማይቀበል እንግዳ ካለ፣ ቢራውን ትቶ በቀዝቃዛ የአጥንት ወይም የአትክልት መረቅ መለወስ ይቻላል። ያን ጊዜ ስሙ ቢር ቺዝ መሆኑ ይቀራል፤ እንግዳው ግን ያለ ሥጋት ይበላል።

ጾመኛውስ? የአሜሪካ የሳምንት መጨረሻ ግብዣ የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነው። ዓርብ ደግሞ ለኦርቶዶክሱ ጾም ነው። ቢራው ባይከለክለውም ቺዙ ይከለክለዋል። ለእሱ የሚሆን መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ስልጆ አለ። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ ተሠርቶ፣ በሰናፍጭና በቅመም ተደርጎ ለቀናት እንዲብላላ የሚተው የጾም ማባያ ነው። ከቢር ቺዝ ጋር ዝምድናቸውን ተመልከቱ፦ ሁለቱም ይቀባሉ፣ ሁለቱም ቀዝቅዘው ይቀርባሉ፣ ሁለቱም በሰናፍጭ ይሰነፍጣሉ፣ ሁለቱም ከብላት የመጣ ኮምጣጣነት አላቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ጾመኛው የተረሳ አይመስለውም። ፈረንጁ እንግዳም አንድ አዲስ ነገር ይማራል። የባቫሪያ ሰዎች የድሃ ቤት ልውሳቸውን ጽፈው፣ ለክተው፣ በሕግ አስከብረውታል። የእኛ ስልጆ ግን በአብዛኛው በእናቶቻችን እጅ ልክ ነው ያለው። እናቶቻችን በሕይወት እያሉ ማንኪያና ሚዛን ይዞ ከጎናቸው የሚቆም ልጅ ያስፈልጋል።

7. አቀራረብና አያያዝ

ልውሱ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ ይውጣ፤ ቀዝቃዛ ስብ ጣዕምን ይደብቃል፣ ብስኩትንም ይሰብራል። በጨዋማ ብስኩት፣ በፕሬትዝል፣ በካሮት፣ በሴሌሪና በቀይ ፍጅል ይበላል። የደረቀ ዳቦ ቆሎም ይሄድለታል። የእንጀራ ድርቆሽ ደግሞ ስስና ተሰባሪ ቢሆንም ኮምጣጣነቱ የቺዙን ስብ ይሰብረዋል።

የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መመሪያ እንደሚለው ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በበጋ የመናፈሻ ድግስ ላይ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ቢራው የገባው ለጣዕም ነው፤ ከባክቴሪያ ለመጠበቅ አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሳህን ከማቅረብ ጥቂት ጥቂት እያወጡ መተካት ይሻላል። የተረፈው በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በላይ ግን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ነገር ማቆየት አይመከርም። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ወገኖችም እንዳይሰጉ፣ ቆየት ያለ ቼዳር ላክቶሱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ችግር ይበሉታል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በመጪው ዓርብ ወይም ቅዳሜ "ምን ይዤ ልምጣ?" ብላችሁ ስትጠይቁ አንድ ተጨማሪ መልስ አላችሁ። ሥራው 20 ደቂቃ አይፈጅም፣ ምድጃም አይፈልግም። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጡ ግን ወረቀቷን አትርሱ፤ "በሞቴ" ከማለታችሁ በፊትም "ቢራ አለበት" በሉ።

ቸር ይግጠመን።